በደጀ ሰላም ያነበብኩት ወረቀት

ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን፣ ስማዳ፣ ባሌ ቤት ሳለሁ ነው። ያን ጊዜ ገና ልጅ እግር ነበርኩ።

አባቴ ጋይንት ውስጥ፣ ቤተ ልሔም አጠገብ የሚኖሩ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ዳዊትና ድርሳን በብራና እየገለበጡ ነው ያሳደጉኝ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ከጎናቸው አልጠፋም ነበር። ቀለም የምበጠብጥ፣ መቃ የምቀርጽ፣ ብራናውን የማሰምር እኔ ነበርኩ። ፊደሉንም እንዲሁ አጠገባቸው ተቀምጬ ለመድኩት። ጎረቤት «መሪጌታ፣ ለሴት ልጅ ይህ ምን ያደርግላታል?» ሲላቸው አይመልሱም፤ ብዕራቸውን ቀለም ነክረው ይቀጥላሉ።

ባሌ ካሴ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን በእናቱና በታላቅ ወንድሙ በአያሌው ፊት ቃል አይወጣውም። እናቱ እሜቴ ብርቄ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ቤቱንም እርሻውንም በቃላቸው የሚያዙ ሴት ናቸው። ገና ሙሽራ ሆኜ በገባሁ ሰሞን፣ እየሰማሁ፣ «የደብተራ ልጅ አመጣችሁልኝ፤ ከነቀለሟ» ብለው ለጎረቤት ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ስሜን አንስተው ጠርተውኝ አያውቁም። «አንቺ» ነበርኩ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ለክርስትናዋ ጥቂት ቀን ሲቀራት ትኩሳት ያዛት፤ ጡት መሳብ አቃታት፤ አንድ ረፋድ ላይ እቅፌ ውስጥ ዝም አለች።

ጮህኩ። እሜቴ ብርቄ ከጓዳ ወጥተው በመዳፋቸው አፌን ግጥም አድርገው ያዙኝ።

«ክርስትና ላልተነሳ አይለቀስም» አሉኝ። «ሌላ መዓት ልትጠሪብን ነው?»

ያልተጠመቀ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም። ጎረቤት አይጠራም፤ ድንኳን አይተከልም፤ ሙሾ አይወርድም። አያሌው በጨርቅ ጠቅልሎ ከጓሮ፣ ከገደሉ አፋፍ ወስዶ ቀበራት። ሲመለስ እጁን ታጥቦ ምሳ በላ። በማግስቱ እሜቴ ብርቄ ገብስ ሰፍረው ወፍጮው አጠገብ አስቀመጡልኝ። ፈጨሁ። ጡቴ ግን ልጄ መሞቷን አልሰማም፤ ስፈጭ ወተቱ በቀሚሴ ላይ ይወርድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደረቴ ተዘጋ። ትንፋሼ ከመሃል ይቆረጣል፤ የቀመስኩት አይወርድልኝም። ቡዳ ነው ተባለና ጭስ ታጠንኩ። ጠበል ሄድኩ። አልተሻለኝም።

አንድ ዓርብ ቤተሰቡ በሙሉ አርብ ገበያ ሄደ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ጓዳ ውስጥ እስላሙ ነጋዴ ስኳር የጠቀለለበት ወፍራም ወረቀት ተጥሎ አየሁ። እጄ የለመደውን አደረገ። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቅሁ፤ ገብስ አሳርሬ ወቀጥኩ፤ በውሃ በጠበጥኩት። ከወንዙ ዳር መቃ ቆርጬ ቀረጽኩ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ምን እንደምጽፍ ሳላውቅ ብዙ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ «ወተቴ ሞልቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ያቺን ቃል ሳያት እንባዬ መጣ። ድምፅ አላወጣሁም። እየጻፍኩ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲሞላ ራበኝ። ገንቦው አጠገብ ቆሜ ቁራሽ እንጀራ በላሁ፤ ወረደልኝ።

ከዚያ ወዲያ የስኳር መጠቅለያ እየሰበሰብኩ ብቻዬን በቀረሁ ቁጥር እጽፍ ነበር። ሐዘን ብቻ አይደለም የጻፍኩት። ጥላቻም ጻፍኩ። በፊታቸው «እርስዎ» የምላቸውን ሴት በወረቀት ላይ «አንቺ» አልኳቸው። ለሰው የማይነገር ነገር ሁሉ ጻፍኩባቸው። ወረቀቶቹን አጣጥፌ፣ ዘር የሚቀመጥበት ጎታ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጥኩ።

ሰኔ ገባ። አንደኛው የእርሻ በሬ ሳይታመም ተኝቶ ሞተ። ወዲያው አያሌው እግሩ አብጦ ከእርሻ ቀረ። ቤቱ ውስጥ ወሬ ተጀመረ። አያሌው እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ እኔን እያየ፣ «ይህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም ነበር» ይላል። እናቱ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ከሱ ንግግር ይከብደኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የዘር ገብስ ለማውጣት ጎታው ተነሳ። እኔ ደጅ እበት እጠርግ ነበር። አያሌው ከውስጥ ሲጣራ ሰማሁት።

«እሜቴ፣ ወዲህ ይምጡ። ይህን ይዩ።»

ስገባ ወረቀቶቼን በጭራሮ ጫፍ እየነካካ ነበር። በእጁ ሊነካቸው ፈርቷል። እሜቴ ብርቄ ወረቀቶቹን፣ ቀጥለው እኔን አዩ።

«ያንቺ ነው?» አሉኝ።

«የኔ ነው እሜቴ።»

«ምንድን ነው?»

ስለ ልጄ ነው እንዳልል፣ እሳቸውም እንዳሉበት አስታወስኩ።

«እኔ ልንገርዎት» አለ አያሌው። «ጥላሸት ስትፋቅ የጎረቤት ሴት አይታታለች። ገብስ ስታሳርርም ታይታለች። ከእህላችን ሥር ድግምት ቀብራ በሬያችንን ገደለች። አሁን እኔን ልትጨምር ነው።»

ካሴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

አያሌው እያነከሰ መጥቶ በክንዴ ጎትቶ ጥጃ ጋጣ ውስጥ ከተተኝና በሩን በግንድ ደገፈው። «ነገ እሑድ ነው» አለ ከውጭ። «ቅዳሴ ሲያልቅ በመንደሩ ዳኛ በጭቃ ሹሙና በነፍስ አባታችን በአባ ተክሌ ፊት ይነበባል። ያኔ እናያለን።»

ጋጣው ውስጥ ቁጭ ብዬ የፈራሁት ዱላውን አልነበረም። ጠንቋይ ተብዬ ከወጣሁ የአባቴ ስም አብሮ ይወጣል። የጻፉት ዳዊት በየቤቱ አለ፤ ሕዝቡ «ይህም የድግምተኛ እጅ ነው» ብሎ ወንዝ ይጥለዋል። ወረቀቱ ድግምት አለመሆኑ እንዲታወቅ ደግሞ መነበብ አለበት። ከተነበበ የጻፍኩት ሁሉ ሊሰማ ነው።

ማምሻውን ካሴ ውሃ ይዞልኝ መጣ። በግንዱ ክፍተት ቅሉን አቀበለኝ።

«ምን ጽፈሽበት ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ስለ ልጃችን።»

ወደ ቤቱ ዞር ብሎ አየ። «ዳዊት ነው በያቸው» አለኝ። «አባቴ ያስተማሩኝን ዳዊት ነው የገለበጥኩት በይ።»

«አባ ተክሌ ዳዊት አያውቁም?»

«እንግዲያው እኔ ምን ላድርግ?»

«አንተም አባቷ ነበርክ» አልኩት። «እኔ እንኳ በወረቀት አለቀስኩ። አንተ የት አለቀስክ?»

ቅሉን ሳይቀበለኝ ሄደ።

በማግስቱ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰዉ አልተበተነም። ወሬው ደርሶት ደጀ ሰላሙ ላይ ከወይራው ሥር ተኮልኩሏል። ጭቃ ሹሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አባ ተክሌ ከጎናቸው ናቸው። እሜቴ ብርቄ ከሴቶቹ ፊት ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል። እኔን ከመሃል አቆሙኝ። ውሃ አብረን የምንቀዳ ሴቶች ልብሴ እንዳይነካቸው ሲሸሹ አየሁ።

አያሌው ወረቀቶቹን በቁና አምጥቶ አባ ተክሌ እግር ሥር አስቀመጠ። አባ ተክሌ አማትበው አንዱን አነሱ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ። መልሰው ሌላ አነሱ። በሁለተኛው ላይ ቆዩ። ቀና ብለው እሜቴ ብርቄን አዩና ወረቀቱን አጠፉት።

«ድግምት አይደለም» አሉ።

«ምንድን ነው ታዲያ?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«የሴት ብሶት ነው። ድግምት አለመሆኑን እኔ ምስክር ነኝ። ይብቃ።»

«ጮክ ብለው ያንብቡልን አባ» አለ አያሌው።

«አይነበብም።»

ሰዉ ተንጫጫ። አንዱ ከኋላ፣ «ለምን አይነበብም? እሳቸውንም በድግምቷ ይዛቸዋለች» አለ። አያሌው ወደ ጭቃ ሹሙ ዞረ።

«ጌታው፣ ንጹሕ ነገር ከሆነ ለምን ይደበቃል? ወይ ይነበብ፣ ወይ ይህች ሴት ታስራ ወደ ወረዳ ትሂድልኝ። አባቷም ይጠየቁ። እሳቸው ናቸው ያስተማሯት።»

ጭቃ ሹሙ አባ ተክሌን አዩ። አባ ተክሌ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጭቃ ሹሙ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ወደ ወረዳ ትሄዳለች» አሉ።

አባቴ ታስረው ሲመጡ ታየኝ። አፌ ከኔ ቀድሞ ተናገረ።

«እኔ አነበዋለሁ።»

አባ ተክሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይቅርብሽ» አሉኝ። እጄን ዘረጋሁ። ወረቀቶቹን ሰጡኝ።

የመጀመሪያውን አነበብኩ።

«ወተቴ ሞልቷል። የሚጠባኝ የለም። ዛሬ ወደ አፋፉ ሄጄ የተቀበረችበትን ቦታ ፈለግሁት። አፈሩ ገና አልደረቀም። ስም የላትም። ምን ብዬ እንደምጠራት አላወቅሁም። ልጄ አልኳት። ሌላ ስም ቢኖራት ኖሮ ሌላም እላት ነበር።»

ድምፄ መጀመሪያ ቀጥኖ ነበር፤ እየቆየ ወፈረ። ከሴቶቹ መሃል አንዲቷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ የሁለተኛው ተራ ደረሰ። አባ ተክሌ ያጠፉት ነው። ልዘለው እችል ነበር፤ ወይ «አንቺ»ውን «እርስዎ» ማድረግ እችል ነበር። ግን አያሌው ገጾቹን በዓይኑ ይቆጥር ነበር። ደግሞም ደክሞኝ ነበር፤ ከእንግዲህ የምደብቅበት ቦታ አልቀረኝም። እንደተጻፈው አነበብኩት።

«ብርቄ፣ አንቺ እናት አይደለሽም። አፌን በመዳፍሽ ስታፍኚ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም። ልጄን ሲወስዷት ቀና ብለሽ አላየሻትም። በማግስቱ ገብስ ሰፈርሽልኝ። ዓይንሽ እንባ አያውቅም። አንድ ቀን ያንቺም ልጅ ይሙትብሽ፤ ያን ጊዜ አፍሽን የሚያፍን ይዘዝብሽ።»

አማትን፣ ያውም እሜቴ ብርቄን፣ በአደባባይ «አንቺ» ብሎ የጠራ ሰው በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም።

«ሰማችሁ?» አለ አያሌው። «የእናቴ ልጅ እንዲሞት ረግማለች። እኔ ታምሜያለሁ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

አባ ተክሌ ተነሱ። «እርግማን ከሆነ ማስረጃው፣ ባለፈው ክረምት በውሃ ቦይ ተጣልተህ ጎረቤትህን ከነዘሩ ስትረግም እኔ አጠገብህ ነበርኩ» አሉት። «ያም ሰው በሕይወት አለ፤ ልጆቹም አሉ። ይህች ልጇ የሞተባት ሴት ነች። በቃ።»

ሽማግሌዎች ተመካከሩ። ጭቃ ሹሙ ፍርዱን ተናገሩ። ድግምት አይደለም፤ ወደ ወረዳ አትሄድም። ነገር ግን አማቷን ሰድባለችና ድንጋይ ተሸክማ እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቅ። ወረቀቱ ይቃጠል።

ድንጋይ አመጡልኝ። ማጅራቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ወደ ሴቶቹ ሄድኩ። እሜቴ ብርቄ የነበሩበት ቦታ ባዶ ነበር። ሳይታዩ ወጥተው ሄደዋል። ይቅር የሚለኝ ሰው ጠፍቶ ድንጋዩን እንደተሸከምኩ ቆምኩ። በኋላ አባ ተክሌ መጥተው አወረዱልኝ።

አያሌው ወረቀቶቹን እዚያው አቃጠላቸው። ሲነዱ ደረቴ እንደገና የሚዘጋ መስሎኝ ትንፋሼን ጠበቅሁት። አልተቆረጠም። ያ ሁሉ ቃል እሳት ውስጥ ገብቶ እኔ ቆሜ ስተነፍስ ራሴን ታዘብኩ። ለካ ያዳነኝ ሥራ በጻፍኩ ጊዜ ተሠርቶ አልቋል። እሳቱ የወሰደው ወረቀቱን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አባቴ ለመሄድ ልብሴን ስጠቀልል እሜቴ ብርቄ ገቡ። ወንዶቹ ቤት አልነበሩም። መደቡ ላይ ተቀመጡ። ዓይኔን አያዩም።

«ወረቀት አለሽ?» አሉኝ።

«ተቃጠለ።»

ከጉያቸው የተጨማደደ የስኳር መጠቅለያ አውጥተው መደቡ ላይ ጣሉት። «ቀለምሽን በጥብጪ።»

«ለምን እሜቴ?»

«የጻፍሽው ውሸት ነው። አገር ሁሉ ውሸት ሰማብኝ። እጅሽ አልተንቀጠቀጠም ብለሻል። ተንቀጥቅጧል። እሱን ጻፊ።»

በጠበጥኩ። መቃውን አነሳሁ። ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ተናገሩ።

«ከአያሌው በፊት አንዲት ልጅ ነበረችኝ። እሷም ክርስትና ሳትነሳ ነው የሄደችው። አማቴ አፌን በጨርቅ ጠቀጠቀችው። ከጮህሽ የሚወለዱት ሁሉ ይከተሏታል አለችኝ። አልጮህኩም። አያሌው ተወለደ፤ ቆየልኝ። ካሴ ተወለደ፤ ቆየልኝ። ዝም ስላልኩ ነው የቆዩልኝ ብዬ አመንኩ። አንቺ ስትጮኺ ልጆቼን የምትገድይብኝ መሰለኝ። ጻፍሽው?»

«ጽፌዋለሁ።»

«እንባ አያውቅም ብለሻል። የት እንዳለቀስኩ ጻፊ። ወንዝ ወርጄ ነው። እንስራውን ፏፏቴው ሥር አስቀምጥና ውሃው ሲጮህ እኔም እጮሃለሁ። ማንም አልሰማኝም። እንስራው ሲሞላ አቆማለሁ። ያንቺዋም ስትሞት ወርጃለሁ። ውሃ ተቀድቶ ነበር፤ ደፍቼው ነው የሄድኩት።»

መቃው እጄ ላይ ቆመ። ቀና ብዬ ሳያቸው ተቆጡ።

«ምን ታይኛለሽ? ጻፊ።»

ጻፍኩ። ሲያልቅ «አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። በሁለተኛው ላይ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ነጠላቸውን በአፋቸው ሊይዙ እጃቸውን አነሱና መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ ያረጀ፣ የተሰነጣጠቀ ድምፅ። ላቅፋቸው አልደፈርኩም። እሳቸውም ወደኔ አልዞሩም። ሁለታችንም በየጫፋችን ተቀምጠን አለቀስን። በዚያ ቤት የልጄ ለቅሶ የተቀመጠላት ያን ጠዋት ነው። ስማቸው የማይታወቅ ሁለት ሕፃናት በአንድ ላይ ተለቀሰላቸው።

ሲያበቁ ፊታቸውን ጠርገው ወረቀቱን ወሰዱ። አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«ይቅር ብዬሽ አይደለም» አሉኝ። «በልጄ ላይ ሞት ተመኝተሻል። ያን አልረሳም።»

«አውቃለሁ።»

«ፀሐዩ ሳይበረታ ውጪ። ሽቅቡ ረጅም ነው።»

ወጣሁ። ወደ ካሴ አልተመለስኩም። ሽማግሌ ቢልክም አባቴ «እሷን ጠይቋት» ስላሉ እንቢ አልኩ። የአያሌው እብጠት ፈንድቶ ዳነ አሉ፤ ማንም ግን «በከንቱ ስሟን አጥፍተናል» ብሎ አልመጣም። እኔም አልጠበቅሁም። ከዓመታት በኋላ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ አግብቼ ወለድኩ፤ ክርስትናም አስነሳሁ። እሜቴ ብርቄን ዳግም አላየኋቸውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከናንተም መሃል አፉ የታፈነ ይኖራል። አፋችሁን የያዘው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ የፈራ ሊሆን ይችላል። እኔ ያን ያወቅሁት ጠልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥላቻችሁንም ጻፉት፤ አታሳምሩት፤ «አንቺ» የምትሉትን «እርስዎ» አታድርጉት። ሰው ላይ ከምትወረውሩት ወረቀት ላይ ቢያድር ይሻላል። የሚያነበው እንዳይኖር ተጠንቀቁ፤ እኔ የደረሰብኝን አይታችኋል። ደግሞ ወረቀቱ ቢጠፋ ወይም ቢቃጠል አትደንግጡ። እጃችሁ ቃሉን ካወጣው ከደረታችሁ ወጥቷል። ሐዘኑ ጨርሶ ይሄዳል አልላችሁም። እኔ ዛሬም ሕፃን ስታለቅስ ስሰማ ጡቴ ይከብደኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ። ግን ትንፋሼ ይወርዳል። እበላለሁ። እተኛለሁ።

ዛሬ ጠዋትም ጽፌያለሁ። ስለ ምን እንደሆነ ግን አልነግራችሁም።